ሽንቱ የተዘጋበት ድመት እስከ ነገ አይቆይም

ግልጽ ደብዳቤ

በወሎ ለሚገኙ የመንግሥትና የግል የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች፣
በየወረዳውና በየከተማው ለሚገኙ የግብርናና የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች፣
ድመት ለምታሳድጉ የወሎ ነዋሪዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የድመት የሽንት ሕመም ምልክቶች በጊዜ እንዲታወቁና ሽንቱ የተዘጋበት ድመት ቅድሚያ አግኝቶ እንዲታከም ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ቢኖር አንዲት ነገር ብቻ ይያዝልኝ። ወንድ ድመት ለመሽናት እየደጋገመ ቁጢጥ ብሎ ሽንት የማይወጣው ከሆነ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ያውም ዛሬውኑ። ለነገ ጠዋት፣ ለገበያ መልስ ወይም ከበዓል በኋላ የሚባል ቀጠሮ አይሰጠውም። የሽንት ቧንቧው ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ድመት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደሙ ይመረዛል፣ ያስመልሰዋል፣ ይዝላል። ካልታከመ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። በጊዜ ከተደረሰለት ግን ብዙውን ጊዜ ይድናል። ብዕር ያስነሳኝ ይህ ልዩነት ነው፤ መዳንና መሞት በጥቂት ሰዓታት የሚለያዩበት ሕመም በየቤታችን እያለ አብዛኞቻችን ስሙን እንኳ አናውቀውም።

የምጽፈው ከደሴ ነው። ሙያዬ የእንስሳት ጤና ሲሆን በወሎ ደጋና ቆላ ከከብቱ፣ ከበጉ፣ ከአህያውና ከዶሮው ጋር ስሠራ ኖሬያለሁ። ድመት ወደ ክሊኒክ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ጊዜም የሚመጣው ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ታሞ ሲመጣ ግን በካርቶን ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ተይዞ፣ አንገቱን ማቅናት አቅቶት ይደርሳል። ባለቤቱን ከመቼ ጀምሮ እንደታመመ ስንጠይቅ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሆዱ ደርቆበት ነበር፣ ዘይት አጠጣነው» የሚል መልስ እንሰማለን። አንዳንዱ መርዝ የበላች አይጥ በልቶ ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል፤ ዓይን ነው የሚልም አይጠፋም። ጎረቤት ደግሞ «አብሽር፣ ይሻለዋል» ብሎ አጽናንቶ ሸኝቶታል። ሆዱን ስንዳስስ በእጃችን የሚገባው የደረቀ ዓይነ ምድር አይደለም፤ እንደ ብርቱካን ጠጥሮ የተወጠረ የሽንት ፊኛ ነው።

ባለቤቶችን አልወቅስም። ይህን ሕመም ለማወቅ የሚያስቸግረው የድመቷ ጠባይ ራሱ ነው። ላም ስትታመም ወተቷ ይቀንሳል፤ በሬ ሲታመም ከሞፈር ይቀራል፤ በግ ከመንጋው ወደ ኋላ ይላል። ድመት ግን ሕመሟን ትደብቃለች። በእኛ አካባቢ ደግሞ አብዛኛዋ ድመት የምትሸናው ከጓሮ፣ ከአጥር ሥር ወይም ከአመድ መድፊያ ላይ ነው። አፈር ጭራ፣ ሸንታ፣ መልሳ ሸፍና ትመጣለች። ሽንቷ ይቅላ ይጥቆር፣ ይብዛ ይነስ፣ ጨርሶም ይቁም፣ የሚያይ ሰው የለም። ቤተሰቡ የሚያያት ቡና ሲፈላ ከምድጃው አጠገብ ስትተኛ ወይም ማዕድ ሲቀርብ ስትመጣ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ለዓይን የሚገለጠው ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላ ይሆናል።

ምን ማየት እንዳለብን ዘርዘር አድርጌ ልናገር። ጤነኛ ድመት በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ያህል ትሸናለች፤ ቶሎ ጨርሳም ትነሣለች። ፊኛዋ የታመመ ድመት በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግማ ትወጣለች፤ ቁጢጥ ብላ ረጅም ጊዜ ትቆያለች፤ ታምጣለች፤ ጠብ የምትለው ግን ጥቂት ናት። ሽንቱ ሮዝ ወይም ቀይ ሊሆን ይችላል። ስትሸና የምትጮኽም አለች። የሚያቃጥላትን የመሽኛዋን አካባቢ ያለማቋረጥ ትልሳለች፤ በወንዱ ላይ ብልቱ ቀልቶና አብጦ እስኪታይ ድረስ ይልሰዋል። በደጅ መሽናት የለመደች ድመት በድንገት መታጠቢያ ሳህን ውስጥ፣ አልጋ ላይ ወይም በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ መሽናት ከጀመረች ባለጌ ሆና አይደለም። ብዙ ድመት በዚህ ምክንያት በመጥረጊያ ተመትታ ከቤት ትባረራለች፤ ይህ ያሳዝነኛል። ምልክቱን በግልጽ እያሳየችን በምልክቱ እንቀጣታለን ማለት ነውና።

በተለይ ወንዱን በተመለከተ ምልክቶቹ በፍጥነት ይከፋሉ። መጀመሪያ ይቁነጠነጣል፣ ይወጣል ይገባል፣ ያምጣል። ቀጥሎ ምግብ ይተዋል፤ አልጋ ሥር ወይም ጨለማ ማዕዘን ይገባል፤ ሆዱ ሲነካ ይጮኻል ወይም ይናከሳል። ከዚያ ማስመለስ ይመጣል። በመጨረሻ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ልቡ ይዘገያል፣ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ባለቤቶችን ያታልላል። ሲጮኽ ያደረው ድመት ጸጥ ሲል ሕመሙ የተወው ይመስላቸዋል። ሽንት ሳይሸና ጸጥ ያለ ድመት ግን ሕመሙ አልተወውም፤ አቅሙ እያለቀ ነው።

ሕመሙ ከሆድ ድርቀት ጋርም ይምታታል። በሁለቱም ሕመም ድመቱ ቁጢጥ ብሎ ያምጣል፤ ከሩቅ ሲታይ አንድ ይመስላሉ። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ድመቱን በር ዘግታችሁ በአንድ ክፍል አቆዩትና ዝቅ ባለ ሳጥን ወይም ሰፊ ሳህን ላይ ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር አድርጉለት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ የረጠበ ቦታ አለ ወይስ የለም? ካለ ስፋቱ ምን ያህል ነው? እያማጠ የረጠበ ቦታ ከሌለ ሌላ ማረጋገጫ አትጠብቁ። ገና ከመጀመሪያው ጠብታ እንኳ እንዳልወጣው ካያችሁ ደግሞ ይህም ፈተና አያስፈልግም፤ ቀጥታ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

ወንድ ድመት ለምን ይህን ያህል ይጎዳል? የሴቷ የሽንት ቧንቧ አጭርና ሰፋ ያለ ነው፤ የወንዱ ግን ረጅም ነው፣ ወደ ጫፉም እጅግ ይጠባል። ከፊኛው የመጣ ደቃቅ ጠጠር፣ ከንፍጥ መሰል ነገርና ከክሪስታል የተጋገረ ዝቃጭ ወይም የቧንቧው ማበጥና መኮማተር ብቻውን ሊዘጋው ይችላል። ኩላሊት ሥራውን አያቆምም፤ ፊኛው ይሞላል፣ ይወጠራል፣ ግፊቱ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። በሽንት መወገድ የነበረበት ቆሻሻ በደም ውስጥ ይከማቻል። ከሁሉም የከፋው ፖታሲየም ነው፤ መጠኑ በደም ውስጥ ሲጨምር የልብን ምት ያዛባል፣ ያቆመዋልም። ብዙውን ጊዜ ድመቱን የሚገድለው ይህ ነው።

የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ታሪክ ከበግ ታውቁታላችሁ። በለጋምቦና በወረኢሉ ደጋ፣ በየማደለቢያው ግቢ፣ እህልና ፉርሽካ በብዛት የተመገበ ሙክት ሽንቱ ሲዘጋበት አይታችኋል። ያምጣል፣ ጭራውን ያወዛውዛል፣ ጥርሱን ያፋጫል፤ ባለቤቱ ግን ሆዱ ተነፍቷል ብሎ ያመጣዋል። በሙክት ላይ ፎስፎረስ የበዛበት መኖ የሚያመጣው ስትሩቫይት የተባለው ጠጠር በድመትም አለ፤ ከማግኒዚየም፣ ከአሞኒየምና ከፎስፌት የሚሠራ ነው። ሙክቱ ሲመጣ ሥራችንን ጥለን እንደምንነሣ ሁሉ ለድመቱም እንነሣ። ሙክቱ በገንዘብ ሲተመን ዋጋው ይበልጣል፤ የሚያሠቃያቸው ሕመም ግን አንድ ነው።

የሕመሙ መነሻ ሁልጊዜ ጠጠር አይደለም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ አይደለም። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች በሆኑ ድመቶች ዘንድ በብዛት የሚታየው ምንም ተሕዋስያን ሳይኖር የሚከሰት የፊኛ ብግነት ነው። በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ይህን ያጠኑት ቶኒ ባፊንግተን የተባሉ የእንስሳት ሐኪም ሕመሙ የፊኛ ብቻ አለመሆኑን አሳይተዋል፤ ጭንቀት ያለባት ድመት የነርቭና የሆርሞን ሥርዓቷ ይዛባል፣ ፊኛዋም ይጎዳል። ድመትን ምን ያስጨንቃታል? ቤት መቀየር፣ አዲስ ድመት ወይም ውሻ መምጣት፣ ግንባታ፣ ድንኳን ተጥሎ ቤቱ በእንግዳ የሚሞላበት ሠርግ ወይም ሐዘን፣ የለመደችው ሰው ከቤት መውጣት፣ ልጆች ያለ ዕረፍት ማባረራቸው። በደሴ ክረምትም ይህ ጎልቶ ይታሰበኛል። ጭጋጉና ዝናቡ ሲበረታ መውጣት የማትወድ ድመት ቤት ውስጥ የምትሸናበት ቦታ ካልተዘጋጀላት ሽንቷን ይዛ ትውላለች።

ባክቴሪያ የሚያመጣው የሽንት ኢንፌክሽን በወጣት ድመት ላይ ጥቂት ነው፤ በዕድሜ በገፉት ላይ ይበዛል። ይህን አስረግጬ የምናገረው ለክሊኒኮቻችን ነው። በየመደርደሪያችን የሚገኘው ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ፔንስትሬፕ የተባለ አንቲባዮቲክ ለሁሉም ሕመም እንደ መልስ መወጋቱ በድመት ሽንት ሕመም ላይ ብዙም አይረዳም። ሽንቱ ለተዘጋበት ድመት አንቲባዮቲክ ወግቶ ወደ ቤት መመለስ ደግሞ የቀሩትን ሰዓታት መውሰድ ነው። ፊኛው ካልተዳሰሰ፣ ሽንቱ መውጣቱ ካልተረጋገጠ ድመቱ ታክሟል አይባልም።

ቤት ውስጥ የሚደረጉ ሙከራዎች አንዳንዶቹ ከሕመሙ በላይ ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። የድመት ጉበት መድኃኒቱን እንደ ሰው መፍጨት አይችልም፤ አንዲት 500 ሚሊ ግራም ክኒን ልትገድላት ትችላለች። ድዷ ይጠቁራል ወይም ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ኩላሊቷን ያጠፋሉ። ከሰው የተረፈ ክኒን «ለልጅ የሚሰጠውን ያህል ብቻ» ተብሎ እንኳ አይሰጣት። ዘይትና ቅቤ በግድ ማጠጣትም ይቅር፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፣ ለተዘጋ ሽንትም ምንም አይሠራም። የተወጠረ ፊኛ በእጅ ተጭኖ ሽንቱን ለማስወጣት መሞከር ከሁሉም ይከፋል፤ ፊኛው ሊፈነዳ ይችላል። መውጫው ለተዘጋበት ድመት ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት መስጠትም እንዲሁ። ድመቱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ አየር የሚያስገባ ካርቶን ወይም ቅርጫት ውስጥ አድርጎ፣ ሳያስጨንቁ መውሰድ ይበቃል።

ክሊኒኩ ሲደርስ ምን ይደረግለት? ለባልደረቦቼ የማውቀውን ልበል። መጀመሪያ ልቡን ማዳመጥ ነው። በክሊኒክ ውስጥ የድመት ልብ በደቂቃ ከ140 እስከ 220 ጊዜ ያህል ይመታል። ሽንቱ የተዘጋበት ድመት ልቡ 100 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የፖታሲየሙ ጉዳት ደርሷል ብላችሁ አስቡ። በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠው፤ ካልሲየም ልቡን ይጠብቅለታል፤ ግሉኮስ ፖታሲየሙን ወደ ሴሎች እንዲገባ ያግዛል። ካልሲየም ከወለደች በኋላ ለምትወድቅ የወተት ላም ስለምንጠቀምበት ከመደርደሪያችን አይጠፋም፤ ለድመት ግን መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፣ የልብ ምቱን እያዳመጡ በዝግታ መሰጠት አለበት። በከብት የለመድነውን ዛይላዚን ልቡ ለደከመ ድመት ማስተኛ አድርገን አንጠቀምበት፤ ልቡን የበለጠ ያዘገየዋል።

ከዚያ ቀጭን ቱቦ በመሽኛው ገብቶ መዘጋቱ ይከፈታል። የድመት ካቴተር እጅግ ቀጭን ነው፤ ለሰው ሕፃናት የሚሆነው ቱቦ እንኳ አብዛኛው ከእርሱ ይወፍራል። ይህ ቱቦ በየክሊኒኩ እንደማይገኝ አውቃለሁ። በሌለበት በቀጭን መርፌ፣ 22 ጌጅ ያህል በሆነው፣ በሆዱ በኩል ከፊኛው ሽንት በሲሪንጅ መቅዳት ግፊቱን ያቃልላል፤ ድመቱንም ወደሚታከምበት ቦታ ለማድረስ ጊዜ ይሰጣል። የራሱ አደጋ ያለው ሥራ ስለሆነ መለማመድን ይጠይቃል። ከደላንታ ወይም ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ የሚመጣ ባለቤት ይህ ሳይደረግለት መንገድ ሲጀምር ግን ድመቱን በሕይወት ይዞ መድረሱ ያጠራጥራል።

መዘጋቱ ከተከፈተ በኋላም ሥራው አላለቀም። ቱቦው አንድ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል። ኩላሊቱ ያጠራቀመውን ለማውጣት ብዙ ሽንት ስለሚያመርት ፈሳሽ መተካት ያስፈልጋል። ብዙ ድመቶች በቀጣዮቹ ቀናትና ሳምንታት እንደገና ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ወደ ቤት ሲመለስ «ድኗል» ብቻ ተብሎ አይሸኝ፤ ምን እንደሚያይና መቼ እንደሚመለስ ይነገረው። ደጋግሞ ለሚዘጋበት ወንድ ድመት መሽኛውን የሚያሰፋ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ይህ የሠለጠነ እጅ የሚፈልግ ነው። ማይክሮስኮፕ ያለው ክሊኒክ የሽንቱን ክሪስታል በራሱ ማየት ይችላል፤ ሽንቱ ቆይቶ ሲቀዘቅዝ ያልነበረ ክሪስታል ስለሚፈጠር ግን ወዲያው መታየት አለበት። ስትሩቫይት በተገቢ ምግብ ሊሟሟ ይችላል፤ ካልሲየም ኦክሳሌት የተባለው ጠጠር ግን አይሟሟም፣ ከፊኛ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የትኛው መሆኑን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሴት ድመቶችንም አልረሳሁም። መዘጋት በእነርሱ ላይ ብዙም አይታይም፤ ፊኛቸው ግን እኩል ይታመማል፣ እኩልም ያማቸዋል። ደም የቀላቀለ ሽንት ያየ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ያሳያት። ተሕዋስያን የሌለበት የፊኛ ብግነት ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይበርዳል፤ መልሶ የመምጣት ልማድ ግን አለው። ያረጀች ድመት ደግሞ በተቃራኒው ውሃ ማብዛት፣ ሽንት ማብዛት፣ መክሳት ከጀመረች የኩላሊት መድከም ወይም የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሐኪም ይሻል።

መከላከልን በተመለከተ ከሁሉ በፊት ውሃ እላለሁ። የቤት ድመት ዘሯ ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ በደረቅ ምድር የኖረ፣ አብዛኛውን ውሃውን ከሚያድነው አይጥና ወፍ ሥጋ የሚያገኝ እንስሳ። ከዚህ የተነሣ የጥማት ስሜቷ ደካማ ነው፣ ሽንቷም ወፍራም ነው። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት ከምግቧ የምታገኘውን ጨምሮ በቀን ወደ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ያስፈልጋታል። ደረቅ ምግብ ብቻ የምትበላ ድመት ይህን አብዛኛውን ጠጥታ ማሟላት አለባት፤ ብዙዎቹ አያሟሉም። ከአዲስ አበባ ደረቅ የድመት ምግብ የምታስመጡ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች በውሃ አርጥባችሁ ስጡ ወይም ከሥጋና ከተቀቀለ ዓሣ ጋር ቀላቅሉት። ለሐይቅ ቅርብ የሆናችሁ ደግሞ ዓሣ ስታዘጋጁ የማትበሉትን ክፍል ቀቅላችሁ፣ አጥንቱን አውጥታችሁ፣ ከመረቁ ጋር ስጧት። ጨው አይግባበት። ሽንኩርትም እንዲሁ፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ በወጥ የራሰ እንጀራ የዘወትር ምግቧ መሆን የሌለበትም ለዚህ ነው።

ንጹሕ ውሃ በሰፊ ሳህን፣ ከምግቧ ራቅ ብሎ፣ በሁለትና በሦስት ቦታ ይቀመጥላት። በወሎ ይህን ለመናገር ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። በሙስሊሙ ቤት ድመት ንጹሕ ፍጡር ናት፤ ከጠጣችበት ዕቃ የተረፈው ውሃ ነጃሳ አይሆንም፤ ድመትን አስሮ ማስራብና ማስጠማትም ትልቅ ኃጢአት መሆኑን ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል። በክርስቲያኑም ቤት እህል የምትጠብቅ ድመት ሳትጠጣ አትውልም። ይህ መልካም ልማድ አለን፤ ሳህኑ በየቀኑ እንዲታጠብና ውሃው እንዲቀየር ብቻ ነው የምጨምርበት። ከቤት ለማትወጣ ድመት ደግሞ የአሸዋ ሳጥን ይዘጋጅላት፤ በየቀኑ ይጽዳ፤ ድመቶቹ ሁለት ከሆኑ ሳጥኑ ሦስት ቢሆን ይመረጣል። ከፍ ብላ የምትቀመጥበትና ስትፈራ የምትደበቅበት ቦታ አይከልከል። ከልክ ያለፈ ውፍረትም ለዚህ ሕመም ያጋልጣል።

«የሰው መድኃኒት በጠፋበት ስለ ድመት ትጽፋለህን?» የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄው ቁም ነገር ስላለው በቁም ነገር እመልሳለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ የሰውም የእንስሳውም ጤና ተቋማት ተጎድተዋል። ይህን ያየ ሰው ለድመት ትልቅ ሆስፒታል ይሠራ ብሎ አይጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የምጠይቀው ቀጭን ቱቦ፣ መርፌ፣ የደም ሥር ፈሳሽና ትኩረት ነው። ድመት ደግሞ ያለ ሥራ የተቀመጠች አይደለችም። ከጎታው እህል፣ ከሱቁ ጆንያ፣ ከአልጋው ሥር አይጥ የምታርቀው እርሷ ናት። ጥቅሟ ባይኖርስ? አንድ እንስሳ በጓዳችን ውስጥ ሽንቱ ታግዶ ለሁለት ቀን ሲሠቃይ ማስቆም እየተቻለ ዝም ማለት ለእኔ አይቻለኝም።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለየባለቤቱ አቀርባለሁ። ክሊኒኮች፣ በበሩ የሚገባው ሰው «ወንድ ድመት ነው፣ ሽንት አቅቶታል» ሲል ተራ ሳይጠብቅ ይታይ፤ የክትባት ቀን አይደለም ወይም ድመት አናክምም ተብሎ አይመለስ። ማከም ካልቻላችሁ ግፊቱን አቃልላችሁ፣ ወዴት እንደሚሄድ ነግራችሁ፣ ለሚቀበለው ባልደረባ ደውላችሁ ላኩት። የግብርናና የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች፣ ዓመታዊ የመድኃኒትና የመሣሪያ ግዥ ስታዘጋጁ የድመት ካቴተርና ለትንንሽ እንስሳት የሚሆን ማደንዘዣ በዝርዝሩ ይግባ። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሕዝብ ውሻና ድመቱን ይዞ ሲሰበሰብ ስለዚህ ሕመም አምስት ደቂቃ ይነገር፤ ከዚህ የተሻለ መድረክ አይገኝም። በአማርኛ የተጻፈ፣ ቁጢጥ ያለ ድመት የተሣለበት አንድ ወረቀት በየክሊኒኩ በር ይለጠፍ። ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት የወንድ ድመት መሽኛ በገዛ እጃቸው እንዲከፍቱ ቢያደርግ፣ የእነዚህ ልጆች እጅ ነገ በየወረዳው ይደርሳል። የአካባቢያችን ሬዲዮ አዘጋጆችም ከገበሬው ፕሮግራም መሐል ትንሽ ደቂቃ ስጡን።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች፣ ከእናንተም አንድ ነገር እፈልጋለሁ። «ለድመቴ ማስታገሻ ስጡኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ፓራሲታሞል አይሰጠው፤ ወደ እንስሳት ሐኪም ይላክ። ለድመት ምን እንደሚሆን ግልጽ ካልሆነላችሁ አለመሸጥ ይሻላል።

ድመት አሳዳጊዎች ሆይ፣ በቅርባችሁ ያለው ክሊኒክ የቱ እንደሆነ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚያነሣው ስልክ እንዳለ፣ ድመት እንደሚያክም ሳይታመምባችሁ በፊት ጠይቃችሁ እወቁ። ስልኩን በበሩ ላይ ጻፉት። ድመታችሁ ወንድ ከሆነ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ እንኳ ሲሸና ተመልከቱት፤ በጤናው ጊዜ ምን ያህል እንደሚቆይ ያላየ ሰው ሲታመም ለውጡን አያውቅም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ
ደሴ፣ ወሎ

ግልባጭ፦
ለመድኃኒት ቤቶች
ለአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያዎች
ለእንስሳት ሕክምና መምህራንና ተማሪዎች